የፖሊስ የሙቀት ካሜራ በግድግዳ አልፎ ያያል?

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «ሰሞኑን ማታ ማታ የፖሊስ ድሮን ከቤታችን በላይ ሲዞር እናያለን። ጎረቤቴ ‹የሙቀት ካሜራ ስለገጠሙለት በግድግዳ አልፎ አልጋችን ላይ ሳይቀር ያየናል› አሉኝ። እውነት ነው? ካልሆነስ ፖሊስ በዚህ ካሜራ ምን ይሠራበታል? መጋረጃ መዝጋት ይጠቅማል?»

ጎረቤትዎ ድሮኑ የሙቀት ካሜራ ይዟል ማለታቸው ትክክል ሊሆን ይችላል። ስለ ግድግዳው ግን ተሳስተዋል። የሙቀት ካሜራ በግድግዳ አልፎ አያይም፤ በተዘጋ የመስኮት መስታወት እንኳ አልፎ አያይም። የሚያየው የነገሮችን ገጽ፣ ያውም ከአካባቢው የሞቀውን ወይም የቀዘቀዘውን ገጽ ብቻ ነው። ካሜራውን የሚይዙ ሰዎችን ሳሠለጥን ከሁሉ የሚከብደኝ ይህችን ነገር ማስረዳት ነው። ስክሪኑ ላይ ነጭ ምስል ሲመላለስ የተመለከተ ሁሉ «ሰው አየሁ» ይላል። ያየው የሞቀ ልብስና የሞቀ ቆዳ ነው። ልዩነቷ የቃላት ጨዋታ ትመስላለች፤ ፖሊስ በዚህ መሣሪያ የሚችለውም የማይችለውም ግን ከእሷ ይመጣል።

ማንኛውም ነገር፣ በረዶ ሳይቀር፣ ለዓይን የማይታይ ጨረር ይለቃል፤ ሲሞቅ ብዙ፣ ሲቀዘቅዝ ጥቂት። ይህን ዓይነት ጨረር መጀመሪያ ያስተዋለው ዊልያም ኸርሽል የተባለው የሥነ ፈለክ ሊቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1800 የፀሐይን ብርሃን በፕሪዝም ከፋፍሎ የየቀለሙን ሙቀት በቴርሞሜትር ሲለካ፣ ከቀዩ ወዲያ፣ ምንም ብርሃን በማይታይበት ቦታ ያስቀመጠው ቴርሞሜትር ከሌሎቹ በልጦ ሞቀ። ኢንፍራሬድ የምንለው እሱን ነው። ዓይናችን የሚያነበው የሞገድ ርዝመት ከ0.4 እስከ 0.7 ማይክሮሜትር (ማይክሮሜትር የሚሊሜትር አንድ ሺኛ ነው) ሲሆን፣ ሙቀቱ ከ33 ዲግሪ ብዙም የማይርቀው የሰው ቆዳ ግን ጨረሩን ይበልጥ የሚለቀው 9.5 ማይክሮሜትር አካባቢ ነው። አየሩም ከ8 እስከ 14 ማይክሮሜትር ያለውን ጨረር ብዙ ሳይውጥ ያሳልፋል። በፖሊስ እጅና በድሮን ላይ ያሉት ካሜራዎች በአብዛኛው የሚያነቡት ይህን ክልል ነው።

ብዙ ሰው ይህን ካሜራ ከሌሊት መነጽር ጋር ይቀላቅለዋል። የሌሊት መነጽር ያለውን ጥቂት የጨረቃና የከዋክብት ብርሃን አብዝቶ ያሳያል፤ ቅንጣት ብርሃን በሌለበት ቦታ፣ ረዳት መብራት ካልያዘ፣ ዕውር ነው። የሙቀት ካሜራ ብርሃን አያስፈልገውም። ጥላ ውስጥ፣ ጥቁር ልብስ ለብሶ፣ ጥቁር ግድግዳ ተደግፎ የቆመ ሰው ለሌሊት መነጽር ሊሰወር ይችላል፤ ለሙቀት ካሜራ ግን ፊቱና እጁ እንደ ሻማ ይበራሉ።

ውስጡ ያለው ሴንሰር ማይክሮቦሎሜትር ይባላል፦ ጨረር ሲያርፍባቸው በጥቂቱ የሚሞቁ፣ ሲሞቁም የኤሌክትሪክ መቋቋማቸው የሚለወጥ የደቃቅ ነጥቦች ድርድር። ሃኒዌል የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ለጦር ኃይሉ በምስጢር ሲያበለጽገው ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1992 ምስጢርነቱ ተነሣ። ከዚያ በፊት ጥሩ የሚባሉት ካሜራዎች ሴንሰራቸውን ከዜሮ በታች ወደ 196 ዲግሪ ማቀዝቀዝ ይጠይቁ ስለነበር ውድ፣ ከባድና ጫጫታ የበዛባቸው ነበሩ። የፖሊስ ሠራተኛ በአንድ እጁ ይዞት የሚሮጠው፣ ድሮንም ተሸክሞት የሚበርረው ካሜራ የመጣው ማቀዝቀዣው ሲቀር ነው። ሄሊኮፕተር ሆድ ሥር በሚሽከረከረው ክብ ቤት ውስጥ የሚገጠሙት ምርጦቹ ግን ዛሬም የሚቀዘቅዙ ናቸው፤ በአብዛኛው ከ3 እስከ 5 ማይክሮሜትር ያነባሉ፣ በጣም ከሩቅም ይሠራሉ። ማቀዝቀዣ የሌለው ተራ የሚባል ካሜራም ቢሆን የዲግሪን ሃያኛ ያህል፣ ማለትም 0.05 ዲግሪ ገደማ ልዩነት ይለያል። በእጅዎ ዳሰው ይህን ልዩነት ፈጽሞ አያውቁትም።

በነገራችን ላይ ቴሌቪዥን ላይ የሚታየው ቀይ፣ ቢጫና ሐምራዊ ሰው ለዓይን እንዲያምር ከኮምፒውተር የተሰጠው ቀለም ነው። ፍለጋ ላይ ያለ ባለሙያ በብዛት የሚመርጠው ጥቁርና ነጭ ነው፤ ሙቁ ነጭ ይሆናል፣ ወይም ይገለብጠውና ሙቁ ጥቁር ይሆናል። ሰማዩና መሬቱ እንደየሰዓቱ ስለሚለዋወጡ በፈረቃ እየገለባበጡ ማየት የተሰወረን ነገር ብቅ ያደርጋል።

አሁን ወደ ገጽ እንመለስ። መስታወት ለዓይናችን ክፍት በር ነው፤ ለዚህ ጨረር ግን የተዘጋ ግድግዳ ነው። ካሜራውን ወደ መስኮት ቢያዞሩት የመስታወቱን ሙቀትና በመስታወቱ ላይ ያረፈውን የራስዎን ደብዛዛ ነጸብራቅ ያሳይዎታል። የካሜራው ሌንስ ራሱ ከጄርማኒየም የሚሠራው ለዚህ ነው፤ ጄርማኒየም ለዓይን እንደ ብረት ጥቁርና ደንዳና ሆኖ ሳለ ኢንፍራሬድን ያሳልፋል። ውኃም እንዲሁ ነው፦ ኩሬ ውስጥ ተነክሮ የተደበቀ ሰው ካለ የሚታየው ከውኃው በላይ የቀረው ራሱ ብቻ ነው። የሚያብረቀርቅ ብረት ደግሞ የባሰ አታላይ ነው። የራሱን ሙቀት ትቶ የሌላውን ያንጸባርቃልና፣ ፀሐይ ሲያቃጥለው የዋለ አዲስ ቆርቆሮ ጣሪያ የቀዝቃዛውን ሰማይ ጨረር መልሶ በስክሪኑ ላይ እንደ በረዶ ሊታይ ይችላል። አንድ ሰው መኪና ውስጥ ተቀምጦ መስኮቱን ከዘጋ፣ ካሜራው መኪናው ባዶ ይሁን አይሁን ሊነግርዎ አይችልም።

ስስ ፕላስቲክ ግን ተቃራኒው ነው። ለዓይን የማያሳይ ጥቁር የቆሻሻ ከረጢት ለሙቀት ካሜራ ከሞላ ጎደል ግልጽ ነው፤ እጅዎን ከረጢቱ ውስጥ ቢከቱት ጣቶችዎ አንድ በአንድ ይቆጠራሉ። ይህን ሳሳይ የማይደነቅ ሠልጣኝ አላጋጠመኝም።

የዚህች የፕላስቲክ ነገር እጅግ የታወቀው ምሳሌ በአሜሪካዋ ቦስተን ከተማ የሆነው ነው። በከተማዋ የማራቶን ሩጫ ላይ ቦምብ ከፈነዳ ከአራት ቀን በኋላ፣ ኤፕሪል 19 ቀን 2013 እ.ኤ.አ.፣ ከሁለቱ ተጠርጣሪዎች በሕይወት የቀረው ወጣት በአጎራባቿ ዋተርታውን ውስጥ ተሰውሮ ነበር። ነዋሪው ቀኑን ሙሉ ከቤት እንዳይወጣ ተነግሮት ዋለ። ክልከላው ሲነሣ አንድ የቤት ባለቤት ወደ ጓሮው ወጣ፤ ጀልባው የተጠቀለለበት ፕላስቲክ መነካካቱን አየ፤ ገለጥ አድርጎ ሲያጮልቅ ደምና የተጋደመ ሰው ተመለከተ፤ ለፖሊስ ደወለ። የማሳቹሴትስ ግዛት ፖሊስ ሄሊኮፕተር ከላይ ሲደርስ የሙቀት ካሜራው በፕላስቲኩ ሽፋን ውስጥ የተዘረጋውን ሰው ቅርጽ አሳየ። መሬት ላይ ያሉት መኮንኖች በዓይናቸው የማያዩትን ሰው እጁን ሲያንቀሳቅስ፣ ሲዞር፣ ሲተኛ በሬዲዮ እየሰሙ ተከታተሉት፤ በመጨረሻም እጁን ሰጠ። በኋላ ቪዲዮውን ያየው ሁሉ «ካሜራው አገኘው» አለ። አላገኘውም። ያገኘው ጀልባውን የሚያውቀው የባለቤቱ ዓይን ነው። ካሜራው የሠራው ሌላና በእኔ ግምት የበለጠ ዋጋ ያለው ሥራ ነው፦ የተደበቀው ሰው በሕይወት እንዳለ፣ በየት በኩል እንደተኛና መቼ እንደተንቀሳቀሰ ለሚጠጉት ሰዎች ነገራቸው። ሽፋኑ ወፍራም ሸራ ቢሆን ኖሮ ደግሞ ይህም ባልሆነ ነበር።

የዕለት ተዕለት ሥራው ከዚህ ያነሰ ድራማ ነው። አንድ ሰው ከፖሊስ ሮጦ በየጓሮው አጥር ሲዘል፣ በእግር የሚያባርረው ፖሊስ በሁለተኛው አጥር ላይ ያጣዋል። ከላይ ያለው ግን አያጣውም። ኦፕሬተሩ «ሁለት ቤት አልፎ፣ በስተቀኝ፣ ከዛፉ ሥር ተቀምጧል» እያለ መሬት ያሉትን ይመራል። ሁለት ልማዶች እዚህ ላይ የሰው ሕይወት ያተርፋሉ። የመጀመሪያው ምስሉን አለመልቀቅ ነው፤ የሙቀት ምስል ፊት የለውምና፣ ለአፍታ ከዛፍ ጀርባ ገብቶ የወጣው ነጭ ቅርጽ ያው የቅድሙ ሰው መሆኑን ማንም አያረጋግጥም። በዚያች አፍታ ውስጥ ሽንት ሊሸና የወጣ የቤቱ ባለቤት ተጠርጣሪ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ሁለተኛው ደግሞ የራስን ሰዎች መቁጠር ነው። ከላይ ሲታዩ ፖሊሱም ሌባውም ነጭ ነጠብጣብ ናቸውና፣ አስተዋይ ኦፕሬተር እያንዳንዱን ባልደረባውን «እጅህን አንሣ» ብሎ ሳይለይ ማንንም ወደ ማንም አይልክም።

ሮጦ የሄደ ሰው የጣለውን ነገር መፈለግም ይህ ካሜራ በደንብ የሚችለው ነው። ከጎን ኪስ ወጥቶ ቀዝቃዛ ሣር ላይ የተወረወረ ሽጉጥ ወይም ስልክ የገላን ሙቀት ይዞ ለጥቂት ደቂቃ ያበራል። የቆመ መኪናም ብዙ ይናገራል፦ ኮፈኑ፣ ማርሚታው፣ የፍሬኑና የጎማው ሙቀት መኪናው ቅርብ ጊዜ መነዳቱን ያሳብቃሉ። «ከትናንት ጀምሮ አልነዳሁትም» የሚል ሰው ፊት ለፊት ጎማው ሲያበራ ማየት አንዱ የሙያው ደስታ ነው። የእጅ አሻራ ሙቀት ግን ቶሎ ይጠፋል፤ ብረት ላይ ወዲያው፣ እንጨትና ምንጣፍ ላይ ዘግየት ብሎ። ምን ያህል ቶሎ እንደሆነ ለማወቅ ከፖሊስ ይልቅ ለሌባ የሚያመች አንድ ጥናት አለ። የግላስጎው ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2022 ኪቦርድ ላይ የቀረውን የጣት ሙቀት በኮምፒውተር አስነብበው፣ ፎቶው በ20 ሰከንድ ውስጥ ሲነሣ 86 በመቶ የሚሆኑትን የይለፍ ቃላት፣ ከ60 ሰከንድ በኋላ ሲነሣ ደግሞ 62 በመቶውን ማወቅ ችለዋል።

የጠፋ ሰው ፍለጋ ላይ ልቆይ፤ ድሮኖቹ በብዛት የሚነሡት ለዚህ ነውና። የመርሳት በሽታ ያለባቸው አዛውንት፣ ከቤት የወጣ ሕፃን፣ ራሱን ሊያጠፋ ይችላል የተባለ ሰው። በርካታ ሰዎች ሌሊቱን ተደርድረው በእግር የሚያስሱትን ሜዳ ድሮን በደቂቃዎች ይጨርሰዋል። ነገር ግን ካሜራው የሚሠራው በልዩነት ነው፤ ልዩነት ሲጠፋ እሱም ይጠፋል። ፀሐይ ቀኑን ሙሉ ያጋለችው ድንጋይና አስፋልት ማታም ሙቀቱን ስለሚይዝ፣ ከሩቅ ሲታይ እያንዳንዱ ቋጥኝ የተኛ ሰው ይመስላል። መሬቱ ራሱ ወደ 33 ዲግሪ በሚጠጋበት ሰዓት ሰው ፊት ለፊት ቆሞ ላይታይ ይችላል፤ መሬቱ ከዚያ ሲያልፍ ደግሞ ሰውየው ቀዝቃዛ ጥላ ሆኖ ይታያል። ጠዋትና ማታ ደግሞ መሬቱ፣ ድንጋዩ፣ ውኃውና ቅጠሉ አንዱ ሲሞቅ ሌላው ሲቀዘቅዝ እኩል የሚሆኑባት ሰዓት አለች፤ ያኔ ስክሪኑ አንድ ወጥ ግራጫ ይሆናል። ምርጡ ሰዓት ሊነጋ ሲል፣ ፀሐይ ሳትወጣ ነው፤ ድንጋዩ ሙቀቱን ጨርሷል፣ ሰውየው ግን አልጨረሰም።

አልጨረሰም ማለቴ ግን ሁልጊዜ እውነት አይደለም። የዚህ ሥራ መራራ ነገር አለ፦ ፈጥኖ መገኘት ያለበት ሰው ለካሜራው ይበልጥ የደበዘዘው ነው። ሰውነት ብርድ ሲበዛበት ደሙን ከቆዳ ወደ ውስጥ ይሰበስባል፤ ቆዳው ይቀዘቅዛል። የረጠበ ልብስ ደግሞ ከአካባቢው ጋር እኩል ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ጤነኛው አሳሽ ውሻ በስክሪኑ ላይ እንደ ፋኖስ ሲያበራ፣ በብርድ ሊሞት የተቃረበው ሰው ከጭቃው እምብዛም የማይለይ ግራጫ ነገር ሆኖ ይታያል። ተራራ ወጪዎች የሚይዙት ብርማ የአደጋ ጊዜ ብርድ ልብስም ሙቀትን መልሶ በማንጸባረቅ ሰውን ያድናል፤ በዚያው ባሕርይው ግን ለሚፈልገው ካሜራ ይሰውረዋል። ለዚህ ነው ልምድ ያለው ቡድን «ድሮኑ ምንም አላየም» ከተባለ በኋላ ያንን ቦታ ከካርታው ላይ የማይሰርዘው። ከላይ ቅጠል ከከደነው ካሜራው ያየው የቅጠሉን ገጽ ነው፤ ከሥሩ ያለው ገና አልታየም። የሞተ ሰው ሬሳ ደግሞ ሙቀቱ እየወረደ ከአካባቢው ጋር ይመሳሰላል፤ ከቀናት በኋላ ግን የትሎቹ ብዛት ራሱ ሙቀት ስለሚፈጥር እንደገና የሚታይበት ጊዜ ይመጣል። ደስ የማይል እውቀት ነው፣ ግን ቤተሰብ ሬሳውን አግኝቶ እንዲቀብር ያስችላል።

«ከሩቅ ለይቶ ያያል» የሚባለውስ? በቁጥር እንየው። የተለመደ ጥሩ የድሮን ካሜራ 640 በ512 ፒክስል አለው። ከእጅ ስልክዎ ካሜራ ጋር ሲወዳደር እጅግ ጥቂት ነው። የእይታ ስፋቱ 30 ዲግሪ ከሆነ፣ በ100 ሜትር ርቀት ላይ እያንዳንዱ ፒክስል የሚሸፍነው ስምንት ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ነው። የሰው ትከሻ ግማሽ ሜትር ቢሆን ስድስት ፒክስል መሆኑ ነው። በ400 ሜትር ግን አንድ ፒክስል ተኩል ብቻ ይቀራል። ጆን ጆንሰን የተባለው የአሜሪካ ጦር ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1958 ያወጣው መለኪያ ወደ ፒክስል ሲመነዘር እንዲህ ይላል፦ አንድ ነገር መኖሩን ለማለት በስፋቱ ሁለት ፒክስል ያህል፣ ሰው ይሁን እንስሳ ለመለየት ስምንት ያህል፣ በዝርዝር ለመለየት ደግሞ አሥራ ሦስት ያህል ያስፈልጋል። ይህ እንግዲህ አየሩ ጥሩ፣ የሙቀት ልዩነቱም በቂ ሲሆን ነው። ፊት፣ የፀጉር ዓይነት፣ የልብስ ቀለም፣ ንቅሳት፣ እነዚህ በሙቀት ምስል ውስጥ የሉም። ፍርድ ቤት የቀረበ የሙቀት ቪዲዮ «አንድ ሰው በዚህ ሰዓት ከዚህ ወደዚያ ሮጠ» ሊል ይችላል፤ «ተከሳሹ ነው» የሚለውን ግን ሌላ ማስረጃ መሙላት አለበት። በልብስ ሥር የተደበቀ መሣሪያ ያሳያል የሚባለውም በአብዛኛው ከሌላ ማሽን ጋር መምታታት ነው፤ ያ ሥራ የሚሊሜትር ሞገድ መፈተሻዎች ነው።

አሁን ወደ ቤቱ እንግባ፤ የጎረቤትዎ ስጋት መሠረት የለውም ማለት አልችልምና። ካሜራው የግድግዳውን ገጽ ቢያይም የግድግዳው ገጽ ስለ ውስጡ ትንሽ ይናገራል። ይህ ጥያቄ ነው እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የሄደው። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 16 ቀን 1992፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ሳይሞላ፣ በኦሪገን ግዛት ፍሎረንስ ከተማ የፌዴራል መርማሪዎች መኪና ውስጥ ተቀምጠው አጌማ ተርሞቪዥን 210 በተባለ ካሜራ የዳኒ ካይሎን ቤት ቃኙ። ጥርጣሬያቸው ቤት ውስጥ ማሪዋና ያበቅላል የሚል ነበር፤ ተክሉ በቤት ውስጥ የሚያድገው በኃይለኛ መብራት ነው፣ መብራቱም ብዙ ሙቀት ያወጣል። ቅኝቱ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ፈጀ። የጋራዡ ጣሪያና አንዱ የጎን ግድግዳ ከቀሪው ቤትና ከጎረቤቶቹ ቤቶች የሞቁ ሆነው ተገኙ። ከጠቋሚዎች ወሬና ከመብራት ክፍያ መረጃ ጋር ተደምሮ የብርበራ ማዘዣ ወጣ፤ ከ100 በላይ ተክልም ተገኘ።

ጁን 11 ቀን 2001 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 5 ለ4 በሆነ ድምፅ፣ ያ ቅኝት ራሱ ብርበራ ስለሆነ አስቀድሞ ማዘዣ ያስፈልገው ነበር ሲል ወሰነ። ውሳኔውን የጻፉት ዳኛ አንቶኒን ስካሊያ ናቸው። ሐሳባቸው፣ በሕዝብ ዘንድ በስፋት በማይገኝ መሣሪያ፣ ሳይገቡ ሊታወቅ የማይችል የቤትን ውስጥ ጉዳይ ማወቅ ገብቶ ከመፈተሽ አይለይም የሚል ነው፤ የሙቀት ካሜራ የቤቱ እመቤት በየሌሊቱ ስንት ሰዓት ገላዋን እንደምትታጠብ ሊናገር ይችላል ብለዋል። የልዩነት ሐሳብ የጻፉት ዳኛ ጆን ፖል ስቲቨንስ ደግሞ መርማሪዎቹ ያዩት ከግድግዳው ውጪ ያለውን ሙቀት ብቻ ነው አሉ፤ በረዶ አንዱ ጣሪያ ላይ ቶሎ ሲቀልጥ ሌላው ላይ ሲቆይ መንገደኛ ሁሉ ያየዋልና። በፊዚክሱ ትክክሉ ስቲቨንስ ናቸው። በሕጉ ግን እኔ ከስካሊያ ጋር ነኝ፤ የግድግዳው ሙቀት የሚያስፈልገው ስለ ግድግዳው ለማወቅ ሳይሆን ከኋላው ስላለው ለመገመት ነውና። ከዚያ ወዲህ የሚያሳስበኝ «በሕዝብ ዘንድ በስፋት በማይገኝ» የምትለዋ ሐረግ ናት። ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ስልክ ላይ የሚሰካ የሙቀት ካሜራ ለማንም ይሸጣል። ያ ሐረግ እየሳሳ መሄዱ የማይቀር ነው።

የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2004 ተመሳሳይ ጉዳይ ገጥሞት ተቃራኒውን በሙሉ ድምፅ ወሰነ። ፖሊስ እ.ኤ.አ. በ1999 ከአውሮፕላን ላይ ያለ ማዘዣ የአንድን ቤት ሙቀት ቃኝቶ ነበር። ፍርድ ቤቱ መሣሪያው አሁን ባለው አቅሙ የሚያሳየው ከቤቱ ውጪ ያለውን ሙቀት ብቻ እንደሆነና፣ ይህ ብቻውን የነዋሪውን የግል ሕይወት እንደማይገልጥ ተናገረ። በዚያው ውሳኔው ግን ቴክኖሎጂው ሲለወጥ ጥያቄው እንደገና እንደሚታይ በር ትቷል፤ የሙቀት ቅኝት ብቻውንም ለማዘዣ እንደማይበቃ ገልጿል። ሁለቱ ፍርድ ቤቶች የተለያዩት በካሜራው ችሎታ ላይ አልነበረም። ግድግዳ አልፎ እንደማያይ ሁለቱም ያውቁ ነበር።

ሙቀት ብቻውን ለምን እንደማይበቃ ከፈለጉ የእንግሊዝ ፖሊስ ላይ የደረሰውን ይስሙ። ሜይ 2021 እ.ኤ.አ. የዌስት ሚድላንድስ ፖሊስ በሳንድዌል አንድ የኢንዱስትሪ መንደር ውስጥ ያለ ሕንጻ ላይ ጥርጣሬ ነበረው፦ ሰው በተለያየ ሰዓት ይመላለሳል፣ ብዙ ሽቦ ይታያል፣ ድሮንም ሲላክ ሕንጻው ከፍተኛ ሙቀት ያወጣል። ሁሉም የካናቢስ እርሻ ምልክት ነው። በሩ ሲሰበር ግን አንድም ተክል የለም፤ ወደ 100 የሚጠጉ ኮምፒውተሮች ተደርድረው ቢትኮይን ያመርታሉ። የኤሌክትሪኩ ስርቆት ወንጀል ሆኖ ቢገኝም ማንም የጠበቀው ያ አልነበረም። ዳቦ ቤትም፣ የልብስ ማጠቢያ ቤትም፣ ግድግዳው በደንብ ያልተሠራ ቤትም ይሞቃል። በተቃራኒው ደግሞ ተክል አብቃዮቹ ወደ ኤልኢዲ መብራት ሲዞሩ የሚወጣው ሙቀት ቀነሰ፤ የጣሪያ ሙቀት የሚናገረው ነገር ከድሮው ያነሰ ነው።

ወደ መጋረጃው ልምጣ። መስኮትዎ ከተዘጋ የሙቀት ካሜራው መስታወቱን ብቻ ስለሚያይ መጋረጃው ለእሱ የሚጨምረው ነገር የለም። መስኮቱ ከተከፈተ መጋረጃው ራሱ ገጽ ይሆናል፤ ተደግፈውት ካልቆዩ በቀር ከኋላው መሆንዎን አያሳብቅም። ነገር ግን ድሮኑም ሆነ ሄሊኮፕተሩ ከሙቀት ካሜራው ጎን አብሮ የሚሸከመው ተራ የቀን ካሜራ አለ፤ እሱ ረጅም ዙም ያለው፣ ፊትና ቀለም የሚለይ፣ በመስታወት አልፎ የሚያይ ነው። በእንግሊዝ የሳውዝ ዮርክሻየር ፖሊስ የሄሊኮፕተር ቡድን አባል የነበረ መኮንን እ.ኤ.አ. በ2017 የአንድ ዓመት እስራት የተፈረደበት፣ በሄሊኮፕተሩ ካሜራ ሰዎችን በየጓሯቸው ራቁታቸውን ሳሉ በመቅረጹ ነው። ማታ መብራት ሲያበሩ መጋረጃውን የሚዘጉት ለእሱ ዓይነቱ ካሜራ ነው።